ቁመት፣ የክንድ ዝርጋታና ስፒሮሜትሪ፦ የሳንባ ምርመራ ውጤትን ከአካል ልኬት መገመት እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል?

አዲስ ቀመር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጤነኛ ሰዎች ላይ ስፒሮሜትሪ (መሣሪያ ውስጥ በመንፋት የሚደረግ የሳንባ ምርመራ) ሠርተን ኤፍቪሲን (አየር ሞልቶ ከሳቡ በኋላ በኃይል የሚወጣውን አየር በሙሉ) እና ኤፍኢቪ-1ን (ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣውን) ከአካል ልኬት የሚገምት ቀመር ለማውጣት አስበናል። የምንወስዳቸው ልኬቶች ቁመት፣ ክብደት፣ ተቀምጦ የሚለካ ቁመት፣ የክንድ ዝርጋታ፣ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ያለው ርዝመት፣ የደረት ዙሪያና የወገብ ዙሪያ ናቸው። ተሳታፊዎቹ ከ12 እስከ 60 ዓመት ያሉ ወንዶችና ሴቶች ናቸው።

በሙከራው ዙር ሁሉንም ልኬት አንድ ላይ ሪግሬሽን (ከልኬቶቹ ውጤቱን የሚገምት የስታቲስቲክስ ስሌት) ውስጥ ስናስገባ አር-ስኩዌሩ (ከውጤቱ ልዩነት ቀመሩ ያብራራው ድርሻ) በጣም ከፍ አለ፤ የክንድ ዝርጋታ ግን ምልክቱ ነጌቲቭ ሆኖ ወጣ። ክንዱ የረዘመ ሰው ሳንባው ያንሳል ማለት ነው? ይህ ደግሞ ትርጉም አይሰጥም።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ከእነዚህ ልኬቶች ውስጥ የትኛው ነው በእርግጥ የሚጠቅመው? ሁለተኛ፣ ቁመት ሲለካ ጥንቃቄው እስከ ምን ድረስ ነው? ሦስተኛ፣ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ቀመሩ ምርመራውን ሊተካ ይችላል?

---

የትንፋሽ ክፍል፦

ወንድሜ፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ የቀሩት መልሶች በእሱ ላይ ስለሚቆሙ። አይተካም። የአካል ልኬት የሚነግርህ ያን ቁመት፣ ያን ዕድሜና ያን ፆታ ይዞ ጤነኛ የሆነ ሰው በአማካይ ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ነው። ፊትህ የተቀመጠው ሰው ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አይነግርህም።

በቁጥር እንየው። የአውሮፓ የከሰልና የብረት ማኅበረሰብ የ1993 ቀመር ለብዙ ዓመታት በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ተጭኖ ኖሯል። ዛሬ ለሕክምና ውሳኔ የተሻለ አለ፤ በእጅ ለማስላት ግን ቀላል ስለሆነ ለማስረዳት ይመቻል። ቁመት በሜትር፣ ዕድሜ በዓመት፣ ውጤቱ በሊትር ነው፦

ወንድ፦ ኤፍቪሲ = 5.76 × ቁመት − 0.026 × ዕድሜ − 4.34
ወንድ፦ ኤፍኢቪ-1 = 4.30 × ቁመት − 0.029 × ዕድሜ − 2.49
ሴት፦ ኤፍቪሲ = 4.43 × ቁመት − 0.026 × ዕድሜ − 2.89
ሴት፦ ኤፍኢቪ-1 = 3.95 × ቁመት − 0.025 × ዕድሜ − 2.60

ዕድሜው 45፣ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ወንድ የሚጠበቅበት ኤፍቪሲ 4.28 ሊትር ነው። ነገር ግን በቀመሩ ዙሪያ ያለው ቀሪ መደበኛ ልይይት (ጤነኞች ከቀመሩ ግምት በምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ቁጥር) 0.61 ሊትር ነው። ይህን በ1.64 ስታባዛው 1 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ ከመቶ ጤነኛ ወንዶች ዘጠናው የሚገኙት ከ3.28 እስከ 5.28 ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ነው። ትናንት 5.2 ሊትር ያወጣ የነበረ ሰው በሕመም ምክንያት ወደ 3.4 ቢወርድ፣ ቀመሩ በሁለቱም ቀን 4.28 ይላል። ልዩነቱን የሚያየው መሣሪያው ብቻ ነው። መሣሪያ የሌለበት ቦታ ታካሚውን መሣሪያ ወዳለበት መላክ እንጂ ግምት ጽፎ መስጠት ተገቢ አይደለም።

አሁን ወደ ቁመት። ጆን ሃቺንሰን በ1846 ስፒሮሜትሩን ይዞ ሲወጣ የደረሰበት ዋና ነገር ይኸው ነበር፤ ቁመት በአንድ ኢንች በጨመረ ቁጥር በኃይል የሚወጣው አየር በ8 ኪዩቢክ ኢንች ገደማ ይጨምራል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ቀመሮች ሁሉ ቁመትን፣ ዕድሜንና ፆታን ይዘው ቀጥለዋል፤ ቁመትን ከቦታው ያነሳ ልኬት የለም። ስለዚህ የቁመት ስህተት በቀጥታ የውጤት ስህተት ይሆናል።

ያው የ45 ዓመት ሰው 3.40 ሊትር ቢያወጣ፦

በ170 ሴንቲ ሜትር፦ የሚጠበቀው 4.28፣ ዝቅተኛ ወሰኑ 3.28፣ ዜድ-ስኮሩ (ውጤቱ ከሚጠበቀው በስንት መደበኛ ልይይት እንደራቀ) −1.44። ጤነኛ ክልል ውስጥ ነው።
በስህተት 175 ተብሎ ቢገባ፦ የሚጠበቀው 4.57፣ ዝቅተኛ ወሰኑ 3.57፣ ዜድ-ስኮሩ −1.92። «ከወሰን በታች» የሚል ሪፖርት ይወጣለታል።

5 ሴንቲ ሜትር ብዙ ይመስላል እንጂ ጫማ፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ጸጉርና «ቁመትህ ስንት ነው?» ተብሎ በቃል የተሞላ ቅጽ በቀላሉ ያመጡታል። ታካሚ የነገረህን ቁመት አትጻፍ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ጫማ ይወልቃል። ሁለቱ እግሮች ይገጥማሉ፤ ተረከዝ፣ መቀመጫና የትከሻ አጥንት ግድግዳውን ወይም የመለኪያውን ቋሚ ይነካሉ። የዓይን ጉድጓድ የታችኛው ጠርዝና ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ያለችው ጉጥ በአንድ አግድም መስመር ላይ ይውላሉ፤ አገጭ ወደ ላይ ከቀና ቁመቱ ያጥራል። «አየር ስበህ ረዘም በል» ትለዋለህ፤ ከዚያ ተንሸራታቹን ጸጉሩን ጨፍልቆ የራስ ቅል እስኪነካ ታወርዳለህ። ንባቡ በሴንቲ ሜትር እስከ አንድ አስርዮሽ ነው፦ 169.7 እንጂ 170 አይደለም። ዕድሜም እስከ አንድ አስርዮሽ ይያዛል፤ ለአዋቂ ብዙም ለውጥ ባያመጣ በሚያድግ ልጅ ላይ ያመጣል። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያጥር፣ ለጥናት ከሆነ ሁሉንም በተቀራረበ ሰዓት ለኩ።

---

ጠጋኝ እጅ፦

ጥሩ ውይይት ነው፤ እኔም ጥያቄ ልጨምር። ቀጥ ብሎ መቆም ለማይችል ሰውስ? በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ፣ አከርካሪያቸው የጎበጠ፣ አንድ እጃቸው የማይዘረጋ ታካሚዎች አሉ። የክንድ ዝርጋታን ለ1.06 አካፍሉ የሚል መመሪያ አይቻለሁ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ 1.03 ይላል። የትኛውን ልያዝ?

---

ልኬት፦

እህቴ፣ የአካፋዩ ልዩነት እንደሚመስለው ትንሽ አይደለም። የክንድ ዝርጋታው 178 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው በ1.06 ስታካፍዪ 167.9 ይመጣል፤ በ1.03 ደግሞ 172.8። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው፤ ከላይ እንደታየው ሪፖርቱን ሊገለብጠው ይችላል። የዝርጋታና የቁመት ጥምርታ በፆታ፣ በዕድሜና በሕዝብ ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሠራ አንድ አካፋይ የለም። የሚሻለው የምታገለግሉት ሕዝብ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ጤነኞችን ወንድና ሴት ለይቶ ሁለቱንም መለካትና የራስን ጥምርታ ማውጣት ነው። እስከዚያው የተጠቀማችሁበትን አካፋይ ሪፖርቱ ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ባለሙያ በሌላ አካፋይ ቢያሰላ ታካሚው የተሻለው ወይም የባሰበት ይመስላል።

ዝርጋታው ሲለካ ጀርባ ግድግዳ ላይ፣ ሁለቱ ክንዶች በትከሻ ከፍታ፣ መዳፍ ወደ ፊት፤ ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ለሁለት ሰው የሚሠራ ሥራ ነው፤ አንዱ የአንዱን ጫፍ ይዞ ሌላው ያነብባል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ክንዶቹ ከትከሻ በታች ሲወርዱ ወይም ክርን ትንሽ ሲታጠፍ ነው፤ ሁለቱም ልኬቱን ያሳጥራሉ። አንድ እጁ ብቻ የሚዘረጋ ከሆነ ከደረት አጥንት የላይኛው ጎድጓዳ መሃል እስከ መሃል ጣት ጫፍ ለክተሽ እጥፍ ታደርጊዋለሽ።

አከርካሪ ለጎበጠ ሰው ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው። ያው የ45 ዓመት ወንድ ጎብጦ 158 ሴንቲ ሜትር ቢለካና ከዝርጋታው የተገመተው ቁመት 170 ቢሆን፣ 2.90 ሊትር ያወጣ እንበል። በ158 ከሄድሽ የሚጠበቀው 3.59 ስለሆነ 81 በመቶ፣ ዜድ-ስኮር −1.13፤ ችግር የሌለ ይመስላል። በ170 ግን 68 በመቶ፣ ዜድ-ስኮር −2.26። ጉብጠቱ ራሱ የሚጠበቀውን ዝቅ አድርጎ ሳንባ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ይሸፍነዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዕድሜ ብቻ ጥቂት ያጠረ አዛውንት የዛሬው ቁመቱ ነው የሚገባው። ቀመሮቹ የተሠሩት አረጋውያንን በዛሬ ቁመታቸው ለክተው ስለሆነ በዕድሜ የሚመጣው መጠነኛ ማጠር እዚያው ውስጥ አለ። ዝርጋታ የሚያስፈልገው የአከርካሪ አጥንት ስብራት ወይም ግልጽ ጉብጠት ሲኖር ነው።

ዝርጋታ ጨርሶ ካልተቻለ ሁለት መንገድ አለ።

የጉልበት ከፍታ፣ ለአረጋውያን። ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ሁለቱም 90 ዲግሪ ታጥፈው ከተረከዝ ሥር እስከ ጭኑ የላይኛው ገጽ፣ ከጉልበት ሎሚ ጥቂት ወደ ኋላ ይለካል። የቻምሊ ቀመር በሴንቲ ሜትር፦
ወንድ፦ ቁመት = 64.19 − 0.04 × ዕድሜ + 2.02 × የጉልበት ከፍታ
ሴት፦ ቁመት = 84.88 − 0.24 × ዕድሜ + 1.83 × የጉልበት ከፍታ
የ70 ዓመት ሴት 48 ሴንቲ ሜትር ብትለካ 155.9 ይሆናል። የጉልበት ከፍታ ላይ የምትሳሳቻት 1 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላይ 2 ሆና ስለምትወጣ በልብስ ሰፊ ሜትር ሳይሆን በሁለት ጎን በሚይዝ ጠንካራ መለኪያ ይሁን።

የክንድ አጥንት፣ በተለይ ለልጆች። ከክርን ጫፍ እስከ እጅ አንጓ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጉጥ ድረስ። ለልጆችና ለወጣቶች የጎልድ ቀመር፦
ወንድ፦ ቁመት = 4.605 × ርዝመት + 1.308 × ዕድሜ + 28.003
ሴት፦ ቁመት = 4.459 × ርዝመት + 1.315 × ዕድሜ + 31.485
የ10 ዓመት ወንድ ልጅ ክንዱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 133.2 ይመጣል። እዚህ ላይ ስህተቱ ከ4 እጥፍ በላይ ነው የሚባዛው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብትስቺ ቁመቱ በ2.3 ይሳሳታል። ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ ተለክቶ መሃለኛው የሚያዘው።

---

ቀሪ ልይይት፦

የነጌቲቩ ነገር እስካሁን አልተመለሰም። ቁመት፣ የክንድ ዝርጋታ፣ የክንድ አጥንት ርዝመት አንድ ነገር የሚናገሩ ሦስት ልኬቶች ናቸው፤ የሰውየው አጥንት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ። ሦስቱንም አንድ ቀመር ውስጥ ስታስገባ ሪግሬሽኑ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተዋል። ለአንዱ ከመጠን በላይ ሰጥቶ ከሌላው ላይ ይቀንሳል፤ ምልክትም የሚገለበጠው ለዚህ ነው። ጥቂት ሰዎች ብትጨምር ወይም ብትቀንስ ምልክቱ ተመልሶ ሊዞር ይችላል። የእያንዳንዱን የልይይት መጋነን መጠን (አንድ ልኬት ከሌሎቹ ጋር ምን ያህል እንደሚደራረብ የሚያሳይ ቁጥር) አስላ፤ ከ10 ካለፈ ከቡድኑ አንዱን ብቻ አስቀር። የሚቀረው ቁመት ይሁን። ዝርጋታው የሚጠቅመው ከቁመት ጋር ሳይሆን በቁመት ምትክ ነው፤ ለብቻው ቀመር ሥራለት።

ከፍ ያለው አር-ስኩዌር ደግሞ አያስደስትህ። ከ12 ዓመት ልጅ እስከ ትልቅ ሰው፣ ወንድና ሴት ስትቀላቅል የኤፍቪሲ ልዩነቱ ራሱ ሰፊ ይሆናል፤ ልጅ ከአዋቂ ያነሰ ሳንባ እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ቀመር አያስፈልግም። ወንዶችን ለብቻ፣ ከ25 እስከ 60 ያሉትን ብቻ ወስደህ እየው፤ አር-ስኩዌሩ ይወርዳል። መመልከት ያለብህ ቀሪ መደበኛ ልይይቱን ነው፤ በሊትር ስንት ነው? የደረት ዙሪያን ስትጨምር 0.55 የነበረው 0.54 ከሆነ ያ ልኬት ለድካሙ አይከፍልም።

ዕድሜን በቀጥታ መስመር መያዝም በእናንተ ክልል አይሠራም። የሳንባ መጠን እስከ 20ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ ድረስ ያድጋል፤ ከዚያ ይወርዳል። በጉርምስና ደግሞ ቁመት ቀድሞ ይመዘዛል፣ ሳንባ ዘግይቶ ይከተላል። አንድ ቀጥታ መስመር ሁለቱንም ጫፍ ያበላሻል። ወይ ከ25 ጀምራችሁ አዋቂ ብቻ ያዙ፣ ወይ ግሎባል ላንግ ፈንክሽን ኢኒሼቲቭ (ጂኤልአይ፣ የሳንባ ምርመራ ቀመሮችን የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ቡድን) እንዳደረገው ሎጋሪዝምና የሚታጠፍ የዕድሜ ኩርባ ተጠቀሙ። የእነሱ የ2012 ቀመር ከ3 እስከ 95 ዓመት ይሸፍናል፤ ቁመት በሎጋሪዝም ነው የሚገባው። ሎጋሪዝሙ ሌላም ጥቅም አለው፤ በረጃጅሞች ላይ ልዩነቱ የሚሰፋውን ያስተካክላል። ዘርን ሳይለይ በ2022 በተሠራው ስሪት የቁመት አርቢ ለወንዶች ኤፍቪሲ 2.7 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቁመት ላይ 1 በመቶ መሳሳት የሚጠበቀው ላይ 2.7 በመቶ መሳሳት ነው። የአሜሪካ ቶራሲክ ሶሳይቲ (የሳንባ ባለሙያዎች ማኅበር) በ2023 ይህን ስሪት መክሯል።

እዚህ ጋ ጥናታችሁን ራሱን የሚነካ ሐሳብ አለኝ። አዲስ ቀመር ከማውጣት በፊት ያለው ቀመር ለሰዎቻችሁ ይስማማ እንደሆነ ፈትሹ። የእያንዳንዱን ጤነኛ ዜድ-ስኮር በጂኤልአይ አስሉ። አማካዩ ወደ 0፣ መደበኛ ልይይቱ ወደ 1 ከቀረበ አዲስ ቀመር አያስፈልግም። አማካዩ በ0.5 ያህል ከራቀ ልብ የሚባል ልዩነት ነው። ለዚህ ቢያንስ 150 ወንድና 150 ሴት ያስፈልጋል፤ በጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ልዩነት በዕድል ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሁሉም ያላጨሱና የመተንፈሻ ምልክት የሌላቸው ይሁኑ።

ከዝርዝራችሁ ውስጥ እውነተኛ አዲስ መረጃ ሊያመጣ የሚችለው ተቀምጦ የሚለካው ቁመት ነው። ሳንባ ያለው ደረት ውስጥ እንጂ እግር ውስጥ አይደለም፤ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች የግንድና የእግር ድርሻቸው ይለያያል። በሕዝቦች መካከል ከሚታየው ልዩነትም ከፊሉን ያብራራል፤ ከፊሉን ብቻ ግን። የተቀመጡበትን ሣጥን ከፍታ መቀነስ አትርሱ፤ ጭንም አግድም ይሁን።

---

አዲስ ቀመር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕድሜውን ከ25 እናስጀምራለን፤ ዝርጋታውን ለብቻ እናወጣዋለን። አንድ የቀረኝ ነገር ክብደት ነው። አማካሪያችን ክብደትና የወገብ ዙሪያ ካልገቡ ቀመሩ ጎዶሎ ነው ይላሉ። ሲገቡ ደግሞ ቀሪ ልይይቱ ትንሽ ይቀንሳል።

---

የትንፋሽ ክፍል፦

ቢቀንስም አታስገባው፤ ጂኤልአይም አያስገባውም። ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ክብደትና ኤፍቪሲ በአንድ አቅጣጫ አይሄዱም። በጣም ቀጭን ከሆነው ሰው ስትጀምር ክብደት ሲጨምር ጡንቻም ስለሚጨምር ኤፍቪሲ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ስብ ስለሆነ ይወርዳል። ቀጥታ መስመር ሁለቱን አቻችሎ የትኛውንም በትክክል አያሳይም። ሁለተኛው ይበልጣል። ሆድ ዲያፍራምን ወደ ላይ ስለሚገፋ ውፍረት ትንፋሽን ይጎዳል፤ በመጀመሪያ የሚቀንሰው ከተራ ትንፋሽ በኋላ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር ነው፣ ኤፍቪሲ የሚነካው ዘግይቶ ነው። ወገብን የሚጠበቀው ውስጥ ካስገባህ በጣም ወፍራም የሆነ ሰው የሚጠበቅበት ዝቅ ይልና ጉዳቱ «ጤነኛ» ተብሎ ያልፋል። በጎበጠው ሰው ላይ የታየው ስህተት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ክብደትን ለክታችሁ መዝግቡ፣ ሪፖርቱ ላይ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ቀመሩ ውስጥ ግን አይግባ። አማካሪህም ይህን ሲያዩ የሚስማሙ ይመስለኛል።

ኤፍኢቪ-1 ለኤፍቪሲ ሲካፈል የሚገኘው ጥምርታም ከቁመት ጋር እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል። ለእሱ ከአካል ልኬት ብዙ አትጠብቁ። የአየር ቧንቧ ስፋትና የሳንባ መጠን በአንድ ሰው ውስጥ እኩል እንደማያድጉ ጄር ሚድ በ1980 አሳይቷል።

ልኬቱን ስታጠሩ ትንፋሹንም አጥሩ፤ በተበላሸ ስፒሮሜትሪ ላይ የተሠራ ቀመር ዋጋ የለውም። በየቀኑ በ3 ሊትር ሲሪንጅ ካሊብሬሽን (መሣሪያው በትክክል መለካቱን መፈተሽ)፣ ስህተቱ ከ3 በመቶ ያልበለጠ። ከእያንዳንዱ ሰው ሦስት ተቀባይነት ያላቸው ንፋዎች፤ ሁለቱ ትልልቅ ኤፍቪሲዎች በ0.150 ሊትር ውስጥ ይቀራረቡ፣ ኤፍኢቪ-1ም እንዲሁ። ለአዋቂ ከ8 ሙከራ በላይ አትሂዱ፤ ሰው ይደክማል፣ ውጤቱም ይወርዳል።

የክፍሉን ሙቀት በየጠዋቱ አንብባችሁ መሣሪያው ላይ አስገቡ። ሳንባ ውስጥ 37 ዲግሪ የነበረ አየር ሲወጣ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ መጠኑን መልሶ ለማስፋት የሚባዛው ቁጥር በ20 ዲግሪ 1.102፣ በ25 ዲግሪ 1.075 ነው። ክፍሉ 25 ሆኖ ሳለ መሣሪያው ላይ 20 ተጽፎ ከቀረ እያንዳንዱ ውጤት በ2.5 በመቶ ያብጣል፤ 4.28 ሊትር ላይ 0.11 ሊትር ገደማ ነው። ያ በቁመት ሲታሰብ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አስርዮሽ የለካችሁትን ቁመት ድካም ያጠፋዋል። ቁመት የሚለኩት ባለሙያዎች ሁለት ከሆኑ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ሁለቱም ያንኑ 20 ሰው ይለኩ። የእያንዳንዱን ልዩነት አራቡ፣ ደምሩ፣ ለ40 አካፍሉ፣ ዳግም ዘር አውጡለት፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ከበለጠ አንድ ላይ ተቀምጠው አለካካቸውን አስተካክለው እንደገና ይለኩ።